ማይንክራፍት ለሚወድ ልጅ ምን ይገዛ? ከጨዋታው ኮድ እስከ ሌጎና ማውስ

ባለፈው ገና እህቴ ከቨርጂኒያ ልትመጣ ስትል «ለወንድማችን ልጅ ምን ላምጣለት?» ብላ ደወለችልኝ። «ማይንክራፍት ነው የሚወደው» አልኳት፤ በቃ። እሷም ቃሏን ጠብቃ አመጣች። ሻንጣው ሲፈታ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ በሚያምር ፕላስቲክ ቤት የተቀመጠች ካርትሪጅ ወጣች። የኔንቲንዶ ስዊች ጨዋታ ነበር። ልጁ የሚጫወተው በአባቱ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ቤታቸው ስዊች የሚባለው የጨዋታ መሣሪያ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። የ9 ዓመት ልጅ አክስቱ እንዳይከፋት ብሎ ካርትሪጇን ኪሱ ከትቶ ሁለት ቀን እንደ ክታብ ይዟት ዞረ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የጨዋታውን ስም ነገርኳት እንጂ ልጁ በምን እንደሚጫወት አልነገርኳትም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ «ለእንዲህ ያለ ልጅ ምን ይገዛል?» እያለ ሲደውል ያንኑ ነገር ደጋግሜ ከማወራ ጽፌ ላስቀምጠው አልኩ።

ጨዋታውን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ማይንክራፍት ሁሉ ነገሩ በብሎክ የተሠራ ዓለም ነው። አፈሩም ዛፉም በጉም አራት ማዕዘን ናቸው፤ እያንዳንዱ ብሎክ በሁሉም ጎኑ አንድ ሜትር ተደርጎ ይታሰባል። ልጁ ይቆፍራል፣ ያወጣውን ያከማቻል፣ ባከማቸው ይገነባል። የተፈጠረው ስዊድን ውስጥ ነው። ለሙከራ የቀረበው በ2009፣ ሙሉው የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት በ2014 ጨዋታውን የሠራውን፣ ሞጃንግ የተባለውን ኩባንያ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛው። በ2023 የተሸጠው ቅጂ ከ300 ሚሊዮን ማለፉ ተነግሯል። ይህን ያህል ተጫዋች ካለ ነጋዴውም አይተኛም፤ ካልሲው፣ ኮዳው፣ የአልጋ ልብሱ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳው ሁሉ የጨዋታው አረንጓዴ ጭራቅ የክሪፐር ፊት ታትሞበታል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የጨዋታው ሥዕል ያለበት ዕቃ አለ፤ ጨዋታውን የሚያሰፋ ዕቃም አለ። የሰው ገንዘብ በብዛት የሚሄደው ወደ መጀመሪያው ነው፤ ልጁን የሚያስቸግረው ደግሞ የሁለተኛው መጉደል ነው።

ከመግዛት በፊት

መጀመሪያ የሚጠየቀው በምን እንደሚጫወት ነው። «በስልክ» ወይም «በኮምፒውተር» የሚል መልስ አይበቃም። የማን ስልክ? ኮምፒውተሩ ስንት ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) አለው? ጨዋታው ከሁለቱ ዓይነቶች የትኛው ነው፣ ጃቫ ነው ቤድሮክ? ወላጁ አያውቅም፤ ልጁን ጠይቁት። «ጃቫ ነው ቤድሮክ?» የሚል አዋቂ ሲያጋጥመው ዓይኑ እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ።

ቀጥሎ መብራትና ኢንተርኔት። ትምህርት ተዘግቶ ልጁ ቤት የሚውለው በክረምት ነው፤ መብራቱ የሚመላለሰውም በክረምት ነው። ኢንተርኔት ከሌለ የማይሠራ ስጦታ ላይ የወር የዋይፋይ ሂሳብ ደምሩበት።

ሌላው ተከታይ ወጪ ነው። በግ ሰጥቶ ሣሩን ለተቀባዩ የሚተው ስጦታ አለ፤ በየወሩ የሚከፈልበት፣ ሌላ ዕቃ ካልተጨመረበት የማይሠራ።

ከዚያ የልጁ ጠባይ። አንዱ ብቻውን ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ቤተ መንግሥት ሲገነባ ይውላል። ሌላው ብሎኩ አያጓጓውም፤ ከአክስቱ ልጆች ጋር ለመሯሯጥ ነው የሚገባው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ስጦታ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከውጭ ለምትልኩ ደግሞ ሻንጣና ሶኬት አለ። ከአሜሪካ የሚመጣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ዕቃ ለ110 እና 120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ጋ 220 ነው። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት ይስማማል፣ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሶኬቱ ግን ግድግዳችን ውስጥ አይገባም። በዩኤስቢ የሚሠራ ዕቃ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው።

ዋጋውን በዶላር የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የጻፍኩት ዋጋ ሳታነቡት ያረጃል።

ጨዋታው ራሱ

ማይንክራፍት ሁለት ነው። ጃቫ የሚባለው በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ኮምፒውተር ብቻ ይሠራል። ሰዎች በነፃ የሠሩለት ሞድ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚቀይር ተጨማሪ፣ ማለቂያ የለውም። ቤድሮክ የሚባለው በስልክ፣ በታብሌት፣ በዊንዶውስ፣ በኤክስቦክስ፣ በፕሌይስቴሽንና በስዊች ላይ የሚሠራው ነው። ስልክ የያዘው ልጅ ኤክስቦክስ ካለው ጓደኛው ጋር አንድ ዓለም ውስጥ መግባት ይችላል። የጃቫና የቤድሮክ ልጆች ግን እንዲሁ በቀጥታ አይገናኙም። አዋቂ የማያውቀው፣ ልጅን የሚያስለቅስ ልዩነት ይህ ነው።

ለኮምፒውተር ከሆነ ከ2022 ወዲህ ሁለቱም አብረው ነው የሚሸጡት፤ 30 ዶላር ገደማ። ለስልክ 7 ዶላር ገደማ ነው። ርካሽ ነው ብላችሁ የስልኩን ገዝታችሁ «ነገ ላፕቶፕ ላይ ይከፍተዋል» ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ የስልኩ ግዢ የኮምፒውተሩን አይከፍትም፣ የስዊቹ ካርትሪጅም የማንንም አይከፍትም። እኔና እህቴ የወደቅንበት ጉድጓድ ነው።

አንዴ ተገዝቶ፣ ወርዶ፣ በአካውንት ከተገባበት በኋላ ብቻውን የሚጫወት ልጅ ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይችላል። ለአገራችን ትልቅ ነጥብ ነው።

አካውንቱ የማይክሮሶፍት ነው። ዕድሜውን ዋሽታችሁ አትክፈቱለት። የሕፃን አካውንት ከወላጅ አካውንት ጋር ተያይዞ ይከፈትና ከሌሎች ጋር ለመጫወት ወላጁ ይፈቅዳል፤ መጀመሪያ ላይ ግማሽ ሰዓት ያለፋል፣ በኋላ ግን ማን ከልጁ ጋር እንደሚያወራ የምትወስኑት እናንተ ትሆናላችሁ። በቴሌግራም «ማይንክራፍት ያለው አካውንት በርካሽ» የሚሉትን እለፏቸው። የመጀመሪያው ባለቤት በፈለገ ሰዓት መልሶ ሊወስደው ይችላል፤ ልጁ የገነባው ይቅርና ስሙም አይተርፈውም።

የስጦታ ካርድ ለምትልኩም አንድ ነገር፦ የማይክሮሶፍትና የኤክስቦክስ ካርድ የሚሠራው ካርዱ የተሸጠበት አገርና አካውንቱ የተመዘገበበት አገር ሲገጥሙ ነው። የሜሪላንድ ካርድ አዲስ አበባ በተመዘገበ አካውንት ላይ ላይቀበል ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ማይንኮይንና ሪልምስ

ማይንኮይን የቤድሮክ ገበያ ገንዘብ ነው፤ በ10 ዶላር ገደማ 1720 ይገኛል። ልጁ ልብስ፣ የተዘጋጀ ዓለም፣ የብሎክ መልክ ይገዛበታል። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፦ ዕቁብ ደርሶት በአንድ ምሽት እንደሚጨርስ ሰው ነው የሚያደርገው። የጃቫ ተጫዋች ደግሞ ጭራሽ አይጠቀምበትም።

ሪልምስ ግን ሌላ ነው። በወር 8 ዶላር ገደማ የሚከራይ የግል ዓለም ሲሆን ባለቤቱ እስከ 10 ሰው አስገብቶ አብሮ ይጫወታል። የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ባለቤቱ ተኝቶም ዓለሙ ክፍት ነው። ዘመዱ ለተበተነ ቤተሰብ እንደዚህ የሚስማማ ስጦታ አላየሁም፤ የአዲስ አበባው ልጅ ቀን የሠራውን አጥር የዋሽንግተኑ ወንድሙ፣ እኛ ልንተኛ ስንል ከትምህርት ቤት ተመልሶ ያገኘዋል፤ ቀጥሎበት ያድራል። ሁለት ነገር ብቻ፦ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ወይ ጃቫ ወይ ቤድሮክ፣ መሆን አለባቸው፤ ክፍያው በራሱ እንዳይታደስ የምትፈልጉ ከሆነም ገና ስትገዙ አጥፉት።

ሌጎ

የመጀመሪያው የማይንክራፍት ሌጎ የወጣው በ2012 ነው። አድናቂዎች በድምፅ ያስወሰኑት፣ 480 ቁራጭ ያለው ትንሽ ዓለም ነበር። ዛሬ ከ10 ዶላር ከፍ ከሚለው ጀምሮ መቶ እስከሚያልፈው ድረስ አለ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ መብራት አይጠይቅም፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ታናሽ እህትም ትሳተፋለች። ሌጎ ዛሬ የሚጠቀምበትን መግጠሚያ ያስመዘገበው በ1958 ነው፤ ስለዚህ የአጎትየው የድሮ ሌጎ ካለ ከአዲሱ ጋር ይገጥማል። ጉዳቱ ዋጋውና ካርቶኑ ነው። ካርቶኑ ግማሹ አየር ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ የበርበሬውን ቦታ ይይዛል። አውጡት፤ ከረጢቶቹን ብቻ ጠቅልላችሁ አምጡ። የመግጠሚያ መመሪያው ቢጠፋ እንኳ በሌጎ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል።

መርካቶና ቦሌ የአሻንጉሊት ሱቆች የሚገኙት ሌጎ መሳዮችም አሉ። ከነሱ መካከል ደህና የሚገጥም አለ፣ ሁለት ብሎክ ተጣብቆ የማይለቅ ወይም ሲነኩት የሚፈርስም አለ። ሻጩ ከፈቀደላችሁ ሁለቱን ገጥማችሁ ገልብጡና አወዛውዙት።

ማን ይቀበለው? ከ6 እስከ 9 ዓመት ያለ፣ ወላጁ ስክሪን የሚቆጥርበት ልጅ። የ13 ዓመት ልጅ ጨዋታው ውስጥ ከተማ መሥርቶ፣ እናንተ ባለ 200 ቁራጭ ዶሮ ቤት ብታመጡለት በአንድ ከሰዓት ጨርሶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ለሱ ሥዕል የሌለበት፣ የተደባለቀ ብሎክ በሣጥን ይሻለዋል። ከ3 ዓመት በታች ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ትንንሾቹ ቁራጮች ጉሮሮ ይዘጋሉ፤ ይቅርባችሁ።

ሥዕል ያለባቸው ዕቃዎች

ቲሸርት፣ የስፖንጅ ሰይፍ፣ የክሪፐር አሻንጉሊት፣ ኮፍያ። ደስታቸው የእውነት ነው፤ በልደት ቀን ወረቀቱ ሲቀደድ የሚሰማው ጩኸት ከማውስ አይመጣም። ግን በሳምንቱ የት እንዳሉ ፈልጉ። ቲሸርት ከገዛችሁ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ።

ከነዚህ ለአንዱ እከራከራለሁ፤ የችቦ ቅርጽ ያለው፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው መብራት። አንድ ሐምሌ ማታ ሠፈሩ ጨልሞ ሁላችንም ሻማ ስንፈልግ ልጁ ችቦውን እንደያዘ ከክፍሉ ወጣ፤ ራት በሱ ብርሃን ተበላ። የጨዋታው ባለቤቶች ያሳተሟቸው መመሪያ መጻሕፍትም አሉ፤ እንግሊዝኛው ለሚያነብ ልጅ ጥሩ ናቸው፣ ሳይወድ ማንበብ ይለማመዳል።

ማውስ፣ ማዳመጫ፣ ራም

እዚህ ላይ ቆም ልበል።

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ዓመት ቤተ ጊዮርጊስን ልሥራ ብሎ ተነሣ። ሜዳ ላይ ግድግዳ ማቆም ጀመረ። እናታችን ከኋላው ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ኧረ አንተ ልጅ፣ እሱ ወደ ላይ አልተሠራም እኮ፤ ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው» አሉት። ዞር ብሎ አያቸው፤ አፈረሰው። ከዚያ ካሬ ካሬ በተሰመረ የሒሳብ ደብተር ላይ አብረን ነደፍነው። ጉድጓዱን 25 በ25 ብሎክ፣ ጥልቀቱን 12 አደረግን፤ መሀሉ ላይ ሳይነካ የሚቀረውን መስቀል ደግሞ 12 በ12፣ አራቱን ማዕዘን 4 በ4 ቀንሰን። ሲሰላ ተቆፍሮ የሚወጣው 6540 ብሎክ ነው።

እንግዲህ ጨዋታው ውስጥ የድንጋይ ዶማ 131 ብሎክ ቆፍሮ ይሰበራል። 50 ዶማ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ለነሱም 150 ድንጋይና 100 ዱላ። የአልማዝ ዶማ ግን 1561 ስለሚቆፍር 5 ይበቃል። ልጁ ይህን ሁሉ በአፉ አሰላው፤ በትምህርት ቤት ማካፈል ይከብደዋል ይባላል።

ከዚያ መቆፈር ጀመረ፣ በላፕቶፑ ታችፓድ። ለመቆፈር የግራውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ፣ በዚያው ጊዜ ጣትን እያንሸራተቱ ዓይንን ማዞር ያስፈልጋል። በታችፓድ ሁለቱን ባንድ ላይ ለማድረግ አንድ እጅ አይበቃም፤ ሁለቱም እጆች እዚያ ከሄዱ ደግሞ ኪቦርዱን የሚነካ የለም። በአንድ ሰዓት ጉድጓዱ የበግ በረት አከለ። በማግሥቱ ከጎረቤት ሱቅ ተራ ባለ ገመድ ማውስ ገዛሁለት። በሳምንቱ መጨረሻ መስቀሉ ብቅ አለ።

ስለዚህ ማውስ። መብራቱ ሰባት ቀለም እንዲሆን፣ ካርቶኑ ላይ «ጌሚንግ» የሚል እንዲጻፍበት አትክፈሉ። የምታዩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ባለ ገመድ ይሁን፤ ባትሪ ድንጋይ የሚያልቅበት ሁልጊዜ ልጁ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ነው። ሁለተኛ፣ መሀሉ ላይ ያለችውን ጎማ አሽከርክሯት፤ ልጁ በእጁ ከያዛቸው ዘጠኝ ነገሮች አንዱን የሚመርጠው በሷ ስለሆነ እንዳትዘል፣ እንዳትላላ። ሦስተኛ፣ ጎማዋን ወደ ታች ተጫኗት፤ በነፃ ግንባታ ጊዜ ፊት ለፊት ያለውን ብሎክ ወደ እጅ የምታመጣው ያቺ ጠቅታ ናት። ከግንበኛ ልጅ እጅ የማትጠፋ ቁልፍ ናት፤ ርካሽ ማውስ ላይ የምትበላሸውም እሷው ናት።

ማዳመጫ ሁለተኛው ነው። ክሪፐር ከኋላ መጥቶ ከመፈንዳቱ በፊት «ሽሽሽ» ይላል፤ በላፕቶፕ ስፒከር ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ በማዳመጫ ግን በግራ ይሁን በቀኝ ይለያል። ቤቱም ዝም ይላል። ድምፁ ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተገድቦ ለልጆች የሚሠራውን ምረጡ። ሶኬቱንም እዩ፤ የድሮ ኮምፒውተር ለማይክና ለድምፅ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ላፕቶፕና ስልክ አንድ።

ራም ማንም ስጦታ ብሎ የማያስበው ስጦታ ነው። ጃቫ ዝቅ ቢል 4 ጊጋ ራም ይፈልጋል፤ 4 ጊጋ ያለው ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውሱ ራሱ እየበላው ስለሆነ ጨዋታው እንደ ተጫነ አህያ ይቆማል። 8 ሲሆን ሌላ ማሽን ይመስላል። የላፕቶፑን ሞዴል ጽፋችሁ ለቴክኒሻን ከማሳየታችሁ በፊት አትግዙ፤ የራሙ ዓይነት ይለያያል፣ አንዳንዱም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም። «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሏቸውን ላፕቶፖች ለልጅ የምትገዙም ከሆነ ራሙ የሚጨመርበት ቦታ እንዳለው መጀመሪያ ጠይቁ።

በስልክ ለሚጫወት ልጅ ማውሱን በብሉቱዝ ጌምፓድ፣ በሁለት እጅ በሚያዝ የጨዋታ መቆጣጠሪያ፣ ተኩት፤ ቤድሮክ ይቀበለዋል። ጣቱ ስክሪኑን ግማሽ ከመሸፈን ይድናል።

ሳይከፈልባቸው የሚገኙ የፈጠራ መሣሪያዎች

እነዚህን በስጦታ መልክ መስጠት ይቻላል ወይ? ይቻላል። አውርዳችሁ፣ ፍላሽ ላይ ጭናችሁ፣ አንድ ቅዳሜ አብራችሁ ተቀመጡ።

ከሁሉ የሚቀለው ስኪን ነው፤ የገጸ ባሕሪው ልብስ። 64 በ64 ነጥብ የሆነ ትንሽ ሥዕል ስለሆነ በማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም ይሠራል። አንዲት ጎረቤታችን የሆነች ልጅ ለገጸ ባሕሪዋ የሐበሻ ቀሚስ ሠራችለት፤ ጥበቡን ለማውጣት የነበራት ስፋት ሁለት ነጥብ ብቻ ስለነበር አንዱን ቀይ፣ አንዱን ቢጫ አድርጋ አለፈችው፤ ከሩቅ ሲታይ ጥለት ነው። የአንድ ብሎክ ገጽታ ደግሞ 16 በ16 ነው፤ ኮምፒውተር በሌለበት በካሬ ደብተርና በከለር ይሠራል።

ብሎክቤንች ከዚያ ከፍ ይላል። ነፃ ነው፣ በብራውዘር ሳይቀር ይከፈታል፣ እንስሳና ዕቃ ቀርጾ ለጨዋታው ለማዘጋጀት ያገለግላል። 10 ዓመት ያለፈው ታጋሽ ልጅ ይችለዋል። ማጂካቮክሰልም ነፃ ነው፤ ጨዋታው ውስጥ የሚገባ ነገር ከመሥራት ይልቅ በብሎክ የተሳለ ውብ ሥዕል ለማውጣት ነው የሚመቸው፤ ጥላና ብርሃኑ ያምራል። ኤምክሪኤተር ኮድ ሳይጻፍ ሞድ መሥሪያ ነው፤ ልጆች ይጓጉለታል፣ ነገር ግን ለአሮጌ ላፕቶፕ ከባድ ነው። ለትምህርት ቤት የተዘጋጀው ማይንክራፍት ኮድ ለማስተማር ግሩም ነው፤ የሚገባበት ግን በትምህርት ቤት አካውንት ስለሆነ ለስጦታ አይመችም።

ሞድ ሲወርድ ተጠንቀቁ። በጁን 2023 ከታወቁት ማከማቻዎች አንዱ በሆነው በከርስፎርጅ ሳይቀር ፍራክቸራይዘር የተባለ ቫይረስ ያለባቸው ሞዶች ተገኝተው ነበር። የባንክ ሂሳባችሁን የምትከፍቱበትን ላፕቶፕ ለልጁ ሞድ መሞከሪያ አታድርጉት።

አንድ የቀረ አለ፤ ሉዋንቲ። እስከ 2024 ማይንቴስት ይባል የነበረው ነው። ማይንክራፍት አይደለም፣ ግን የብሎክ ዓለም ነው፤ ነፃ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት፣ በአሮጌ ኮምፒውተርና በአንድሮይድ የሚሠራ። ከተጫነ በኋላ ከውስጡ ጨዋታ ይመረጣል፤ ቮክሰሊብሬ ወይም ማይንክሎኒያ የሚባሉትን ብትመርጡ ማይንክራፍትን ለለመደ ልጅ ብዙ አይከብዱትም። ኢንተርኔት ሳይኖር በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች አብረው ይጫወታሉ። ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ጉድለቱ ማኅበራዊ ነው፤ ጓደኞቹ ሁሉ ማይንክራፍት ላይ ሆነው እሱ ብቻውን ሉዋንቲ ላይ ከሆነ «የእኔ የውሸት ነው» ይላል። ገና ያልጀመረ ልጅ ግን በዚህ ቢጀምር ይወደው እንደሆነ ሳትከፍሉ ታውቃላችሁ።

ባንድ ላይ ሲታዩ

| ስጦታ | በምን ይሠራል | ኢንተርኔት | ተከታይ ወጪ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| ጃቫና ቤድሮክ ለኮምፒውተር፣ 30 ዶላር ገደማ | ዊንዶውስ፤ ጃቫው በማክና በሊኑክስም | ለማውረድና ለመግባት | የለም | ኮምፒውተር ላለው፣ ጨዋታው ለሌለው |
| ቤድሮክ ለስልክ፣ 7 ዶላር ገደማ | ስልክና ታብሌት | ለማውረድና ለመግባት | የገበያው ፈተና | ለጀማሪ |
| ማይንኮይን | ቤድሮክ ብቻ | አዎ | ይደጋገማል | ራሱ ለጠየቀ ብቻ |
| ሪልምስ፣ በወር 8 ዶላር ገደማ | ጃቫ ወይም ቤድሮክ | ሁልጊዜ | በየወሩ | በተለያየ አገር ላሉ ዘመዳሞች |
| ሌጎ | በእጅ | አይፈልግም | የለም | ከ6 እስከ 9 ዓመት |
| ቲሸርት፣ ሰይፍ፣ አሻንጉሊት | የለም | አይፈልግም | የለም | ለልደት ቀን ጩኸት |
| ባለ ገመድ ማውስ | ኮምፒውተር | አይፈልግም | የለም | ለማንኛውም ግንበኛ |
| ራም መጨመር | የሚጨመርበት ላፕቶፕ | አይፈልግም | ለቴክኒሻን | ጨዋታው ለሚቆምበት |
| ብሎክቤንች፣ ስኪን መሥሪያ | ኮምፒውተር | ለማውረድ | የለም | 10 ዓመት ላለፈው |
| ሉዋንቲ | አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድሮይድ | ለማውረድ | የለም | ለጀማሪና ለትምህርት ቤት |

ለእናንተ የቱ?

ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ፦ ሉዋንቲን ፍላሽ ላይ፣ አንድ የካሬ ደብተር፣ አንድ ፓኮ ከለር። አትሳቁ፤ ከሰጠኋቸው ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ደብተሩ ነው።

ትንሽ ካላችሁና ልጁ ጨዋታው ካለው፦ ማውስ። በስጦታ ወረቀት ሲጠቀለል ቅርጹ ያስታውቃልና በትልቅ ካርቶን ውስጥ ደብቁት።

ልጁ ጨዋታው ከሌለው፣ ኮምፒውተር ካለው፦ የኮምፒውተሩ ኮድ፣ ማለትም የተገዛው ጨዋታ የሚከፈትበት ቁጥር። ኮድ ወረቀት ስለሆነ ለልጅ ባዶ እጅ የመጡ ይመስለዋል፤ ከርካሹ የክሪፐር አሻንጉሊት ጋር አብራችሁ ስጡት።

ውጭ ሆናችሁ ሻንጣ የምታዘጋጁ ከሆነ ክብደት የሌለውንና እዚህ ለመክፈል የሚያስቸግረውን አምጡ፤ ኮድ፣ የሪልምስ ክፍያ፣ ራም። ማውስና ማዳመጫ እዚሁ ይገዛል። ሌጎ ካማራችሁ ያለ ካርቶን።

ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ላፕቶፕ ላይ የሚጣሉ ከሆነ ሁለተኛ ጨዋታ አትግዙ፤ ሁለተኛ መሣሪያ ከሌለ አይጠቅምም። ለነሱ ሌጎው ይሻላል፣ ወይም አንዱ ሲጫወት ሌላው የሚነድፍበት ደብተር።

የወንድሜ ልጅ አሁን የቤተ ጊዮርጊስን መስኮቶች እያወጣ ነው፤ ማውሷ ግን ጎማዋ መዝለል ጀምራለች። ስዊች ያለው ልጅ የምታውቁ ካላችሁ ካርትሪጇ ከነቤቷ አለች። በማውስ እንለውጣለን፤ ባለ ገመድ ይሁን።